የአረም መከላከያ ጨርቅ ከቡናና ከማንጎ ሥር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ቤቱን ሳይጨምር ግቢዬ ወደ 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ትልቅ ማንጎ፣ አራት ቡና፣ ጥቂት ጌሾ፣ ጽጌረዳና አንድ የጎመን መደብ አለኝ። ሰርዶና እንግጫ አላስቀምጥ ብለውኛል፤ ክረምት ከገባ በየሳምንቱ ባርምም አያልቅም። ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ግቢውን በሙሉ የአረም መከላከያ ጨርቅ አልብሼ ከላዩ ጠጠር ለማፍሰስ አስቤአለሁ። ሻጩ አሥር ዓመት ከአረም ትገላገላለህ ብሎኛል። ጨርቁ ውድ ስለሆነ ለቡናው ሥር ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ብጠቀምስ? አምና ሁለቱን ቡናዎች በጥቁር ላስቲክ ሸፍኛቸው ነበር፤ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። ከላስቲኩ ጋር ይገናኛል?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ ሳይገናኝ አይቀርም። ላስቲኩ አሁንም እዚያው ካለ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ወጥተው ያንሱት። ቡና ውሃና ምግብ የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር አይወርዱም። እነዚህ ሥሮች አየር ይፈልጋሉ፤ ላስቲክ ደግሞ አየርም ውሃም አያሳልፍም። በበጋ ያጠጡት ውሃ ከላዩ ተንሸራቶ ይሄዳል። በክረምት በጠርዝ በኩል የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታቆራል። ተክሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ተጠምቶም ሰጥሞም ያያል ማለት ነው።

ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቀው አፈሩን በጣትዎ ገለጥ ያድርጉና አንድ ቀጭን ሥር ያውጡ። ነጣ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ሲታጠፍ የሚቋቋም ከሆነ ሕያው ነው። ጠቁሮ፣ ሲጎትቱት ቆዳው እንደ ካልሲ ወልቆ ክር ብቻ እጅዎ ላይ የሚቀር ከሆነ በስብሷል። አፈሩንም ያሽትቱት፤ የኩሬ ጭቃ ዓይነት ሽታ ካለው አየር አጥቶ ቆይቷል። ከዚያ ቅጠሉን ይመልከቱ። ቢጫ የሆኑት የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከሆኑ ነገሩ ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ጫፍ ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ደግሞ ብረት መሳብ አልቻለም፤ ይህ ውሃ በተኛበት አፈር ላይ የተለመደ ነው። በሁለቱም መንገድ የመጀመሪያው ሕክምና ላስቲኩን ማንሳት ነው። አፈሩን አይቆፍሩት፤ የተረፉትን ሥሮች ይቆርጣሉ። የበሰለ ብስባሽ በስሱ አልብሰው ይተዉት። ቢጫ የሆነው ቅጠል ብዙ ጊዜ መልሶ አይለመልምምና እሱን አይጠብቁ፤ ከዝናቡ ጋር የሚወጣውን አዲሱን ቅጠል ነው ማየት ያለብዎት።

አሁን ወደ ጨርቁ። ሻጩ የነገረዎት አሥር ዓመት የጨርቁ ዕድሜ እንጂ ከአረም የሚገላገሉበት ጊዜ አይደለም። የጠነከረ የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ጨርቅ ፀሐይ ካላገኘው በእርግጥ ረጅም ዓመት ሳይቀደድ ይኖራል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ጨርቁ ሥራውን ካቆመ በኋላም ከመሬትዎ አይወጣም።

አረም ግቢ ውስጥ የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚቆይ ዘር ነው፤ ሲቆፈር ብርሃን አይቶ ይነሳል። ሁለተኛው እንደ ሰርዶና እንግጫ ካሉት አረሞች ሥርና ግንድ ነው። ሦስተኛው ከላይ የሚመጣ ነው፤ በነፋስ፣ በወፍ፣ በልብስ ላይ ተለጥፎ እንደሚገባው የጨጎጊት ዘር። ጨርቅ ብርሃን ስለሚከለክል የመጀመሪያውን በደንብ ያቆማል። ሁለተኛውን ያዘገየዋል። ሦስተኛውን ምንም አያደርገውም። እርስዎ የተቸገሩት በሁለተኛው ነው፤ ከማንጎው በታች ደግሞ ሦስተኛውን በገዛ እጅዎ ሊጋብዙት ነው።

ማንጎው ለምን እንደሚጋብዘው ላስረዳ። ማንጎ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ያራግፋል። ባዶ መሬት ላይ የወደቀውን በመጥረጊያ ሰብስበው ይጥሉታል፤ ከጠጠር ላይ ግን አይጠረግም፤ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል፣ ይበሰብሳል። የበጋው አቧራ ይጨመርበታል። በሁለት ወይም በሦስት ክረምት ውስጥ በጠጠሩና በጨርቁ መካከል አዲስ አፈር ይፈጠራል፤ ያውም ከሥሩ ካለው አፈር የለማ። ዘር እዚያ ላይ ሲያርፍ ይበቅላል፤ ሥሩን በጨርቁ ሽመና መካከል ወደ ታች ይልካል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐይቁ ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ እንዲህ ያለ ግቢ እንዳይ ጠርቶኝ ነበር። ከማንጎ ሥር ጨርቅና ጠጠር ከተነጠፈ አምስት ዓመት ሆኖታል። ጠጠሩ አይታይም፤ ሣር ነው። አንዱን እግር አረም ይዤ ስጎትት አረሙ አልተነቀለም፤ ጨርቁ ራሱ አብሮ እንደ ቁርበት ተነሳ። ሥሮቹ በሽመናው ውስጥ ገብተው ሰፍተውታል። በቢላዋ እየቀደድን ማውጣት ነበረብን። ከጨርቁ በላይ ጣት የሚያህሉ የማንጎ ሥሮች ተጋድመዋል፤ ዛፉ ምግቡን ከላይኛው አዲስ አፈር መልቀም ጀምሯልና እነሱን ሳይቆርጡ ጨርቁን ማውጣት አይቻልም። ከጨርቁ በታች ደግሞ ከክንዴ የሚረዝም የሰርዶ ግንድ፣ ብርሃን አጥቶ እንደ ወረቀት የነጣ፣ ጨርቅ ከጨርቅ የተደራረበበትን ጠርዝ ፍለጋ ቀጥ ብሎ ሄዶ አገኘሁ። ምድር ትል አንድም አላየሁም። ለጨርቁ ያወጡት ገንዘብ አንድ ነገር ነው፤ ለማውጫው ለሦስት ቀን ሁለት ሠራተኛ ቀጥረዋል።

ስለ ሰርዶ ትንሽ ልቆይ፤ ጠላትዎን በትክክል ማወቅ አለብዎት። ሰርዶ ከላይ የሚታየው ሣር ብቻ አይደለም። ከአፈር በታች አንጓ አንጓ ያለው የምግብ ማከማቻ ግንድ አለው፤ አብዛኛው እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው፣ የተወሰነው ከዚያም ይጠልቃል። እያንዳንዱ አንጓ ለብቻው አዲስ ተክል መሆን ይችላል። በዶማ የሚከታትፈው ሰው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እያባዛው ነው። በጨርቅ ሲሸፈን ያለ ብርሃን ባከማቸው ስንቅ እየተጎተተ ቀዳዳ፣ ጠርዝ ወይም የተክል አንገት እስኪያገኝ ይሄዳል። ጨርቁን ለቡናው ግንድ ሲቀዱት የሚተዉት ክብ ቀዳዳ የሰርዶ መውጫ በር ነው፤ እዚያ ደግሞ ከቡናው ሥር ጋር ተጠላልፎ ስለሚወጣ መንቀል ይቸግራል።

እንግጫስ? በጎጃም ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጃገረዶች በዘፈን የሚነቅሉት እንግጫ የበዓል ጌጥ ነው፤ ግቢ ውስጥ የሚያስመርረው ግን ከዚያው ወገን የሆነው፣ ከሥሩ እንደ መቁጠሪያ በክር የተያያዙ ጥቋቁር ፍሬዎች ያሉት ነው። ከላይ ሲነቅሉት ቅጠሉ ይመጣል፣ ፍሬዎቹ ይቀራሉ። ቡቃያው እንደ ወስፌ የሾለ ስለሆነ ስስ ላስቲክ በስቶ ይወጣል። ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ያቆመዋል፤ ፍሬዎቹ ግን አይሞቱም፣ ይጠብቃሉ። ጨርቁ የተነሳ ዕለት ይመለሳል።

የውሃውን ነገር ሽምብጥ ያለ ሰው ከሌላው በበለጠ ማሰብ አለበት። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ግቢዎ ላይ 1,800 ሊትር ወረደ ማለት ነው። አዲስ ጨርቅ ይህን ያሳልፋል። ቀዳዳዎቹ በጭቃና በደቃቅ አፈር ሲደፈኑ ግን ማሳለፉ እየቀነሰ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ውሃው በጨርቁ ላይ ተንሸራቶ ወደ ግድግዳዎ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ ይሄዳል። ከሐይቁ ጋር የተጠጉ ግቢዎች ሌላም ችግር አለባቸው። የጣና ውሃ ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው በክረምቱ ማብቂያ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የከርሰ ምድር ውሃው ራሱ ለሥር የቀረበ ነው። አፈሩ ዝናብ ካቆመ በኋላ በትነት መንፈስ አለበት፤ ጨርቅና ጠጠር ደግሞ ትነትን የሚቀንሱ ነገሮች ናቸው። በደረቅ አገር ይህ ጥቅም ነው፤ በነሐሴ ባሕር ዳር ግን ጉዳት ነው።

የአፈርዎን ዓይነት አልጻፉልኝም። በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ጫማ ሥር ተለጥፎ አላራምድ የሚል ጥቁር ዋልካ ከሆነ እስካሁን ያልሁትን ሁሉ እጥፍ አድርገው ይውሰዱት። ቀይ አፈር ከሆነ ውሃውን በተሻለ ያሰርጋል፤ ነገር ግን ቅጠልና ፍግ ከላይ ካልተጨመረበት ቶሎ ይደኸያል። ጨርቅ ከተነጠፈ በኋላ ደግሞ ብስባሽ የሚጨምሩበት መንገድ የለም።

የማዳበሪያ ከረጢት ሐሳብዎን ይተዉት። ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን ስለምንጠራው ለተክል የሚስማማ ይመስላል እንጂ እሱም ፕላስቲክ ነው። ለጭነት የተሠራ እንጂ ለፀሐይ የተሠራ አይደለም። የባሕር ዳር የበጋ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀውና በእጅ ሲነኩት ወደሚበጣጠስ ነጭ ክር ይለወጣል። ያ ክር አይበሰብስም፤ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል፣ ሲቆፍሩ በዶማው ላይ ይጠመጠማል፣ ዶሮና በግ ካለዎት ይበሉታል። እንዲህ ያለ ግቢ ለማጽዳት ከአረም ይልቅ ክር የለቀምሁባቸው ቀናት አሉ። ከረጢቱ የኬሚካል ወይም መድኃኒት የተቀባ ዘር የነበረበት ከሆነ ደግሞ ጎመን ካለበት ግቢ ውስጥ ማስገባቱ ራሱ ስሕተት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ጨርቁ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቦታ አለው፤ ቦታውም ምንም የማይተከልበት መሬት ነው። ከበር እስከ ቤትና እስከ ቧንቧው የሚሄደው የእግር መንገድ ዋነኛው ነው። እዚያ ጨርቁ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም አረም መከላከል ሳይሆን ጠጠሩ በክረምት ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ መያዙ ነው። ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች የፕላስቲክ ከረጢት ችግኛቸውን የሚደረድሩበት ወለልም እንዲሁ ነው። እንጆሪ በረድፍ የሚያለማ ገበሬ ለአንድ ሁለት ዓመት አንጥፎ የሚያነሳው ከሆነም ያዋጣዋል፤ እሱ አውጥቶ መሬቱን ዳግም ያርሳል፣ እርስዎ ግን ማንጎውን አያነሱትም።

መንገድዎ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት አለው እንበል፤ 12 ካሬ ሜትር ነው። የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ 15 ሜትር ይበቃዎታል፤ በሁለቱም በኩል የሚተርፈው 10 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ወደ ታች ተቀብሮ ሰርዶን ከጎን ይገታል። ሲገዙ የተሸመነውን፣ በካሬ ሜትር 100 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝነውን ይምረጡ። ወደ ሰማይ ዘርግተው ይዩት፤ ብርሃን በነጠብጣብ በጉልህ ከታየ አይውሰዱት። እንደ ሳህን ጎድጎድ አድርገው ይዘው አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፍስሱበት፤ በዝግታ መንጠባጠብ አለበት፣ ከቆመ ጨርቅ ሳይሆን ላስቲክ ነው የሸጡልዎት። መንገዱን አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ቆፍረው የሰርዶውን ግንድ ይልቀሙ፣ ወለሉን ወደ ውሃ መውረጃ ጥቂት አዘቅዝቀው ይጠቅጥቁት። የተቆረጠውን ጫፍ በሻማ ነበልባል ለስለስ አድርገው ያስነኩት፤ ካልሆነ ክሩ እየተተረተረ ያልቃል። ሁለት ቁራጭ የሚገናኝበት ቦታ ካለ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደራርቡት። በቀጭን ብረት በተሠራ ባለ ሁለት እግር ችንካር በየግማሽ ሜትሩ ይምቱትና አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ያልብሱት። ለ12 ካሬ ሜትር ከአንድ ሜትር ኩብ በታች ጠጠር ይበቃዎታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ቅጠሉን ከላዩ ማንሳት የእርስዎ ሥራ ነው፤ ያን ካላደረጉ የእንግዳ ማረፊያው ታሪክ እዚህም ይደገማል።

ለቀረው ግቢ መፍትሔው ቁፋሮና ጉዝጓዝ፣ ማለትም አፈሩን በገለባና በቅጠል ማልበስ ነው፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ሰርዶውን ሳያወጡ ጉዝጓዝ ቢያለብሱት ምቹ አልጋ ነው የሚያነጥፉለት።

ቁፋሮው በዶማ ሳይሆን ባለ ብዙ ጥርስ መቆፈሪያ ሹካ ይሁን፤ ሹካ ግንዱን ሳይቆርጥ ነቅንቆ ያነሳዋል። በሚያዝያና በግንቦት መጀመሪያ ፀሐዩ ጠንካራ ነውና የወጣው ግንድ ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ ላይ ለሳምንት ተሰጥቶ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ይድረቅ። ገበሬው በበጋ ደጋግሞ የሚያርሰው ለዚህም ጭምር ነው። ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጨምሩት። ዋልካው ደርቆ እንደ ድንጋይ ከሆነ ማታ አጠጥተው ጠዋት ይቆፍሩ። ከቡናውና ከማንጎው ቅርንጫፍ ጥላ በታች ግን ሹካውን አያስገቡ፤ እዚያ በእጅ እየጎተቱ ነው።

ለእንግጫው ትዕግሥት ይበጃል። አዲስ ፍሬ መሥራት የሚጀምረው አምስት ስድስት ቅጠል ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ፣ ሳይሰለቹ ቢያወጡት ስንቁ ያልቃል። ጥላም አይወድም፤ ጎመኑ ካለበት ውጭ ያለውን ባዶ ቦታ ስኳር ድንች ወይም ዱባ ቢያለብሱት ከየትኛውም ጨርቅ ይልቅ ያደክመዋል፣ እርስዎም ይበሉበታል። የጎመኑ መደብ አሁን ባዶ ከሆነ አርጥበው ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ አጥብቀው ሸፍነው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፀሐይ ያስቀቅሉት። ጥቁር ላስቲክ ለዚህ አይሆንም፤ ፀሐዩን ራሱ ይይዝና አፈሩን ያን ያህል አያግለውም። ይህ ዘሩን ይፈጃል፤ የጠለቀውን ሰርዶ ግን አይነካውም። ዛፍ ሥር አይሞክሩት።

ጉዝጓዙን በተመለከተ ባሕር ዳር ያለ ሰው ጨርቅ መግዛቱ ያስገርመኛል። ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች የሚወጣው ገለባ እንደ ተራራ ነው የሚከመረው። ለከብት መኖ የማይረባ፣ በቀላሉ የማይበሰብስ፣ የአረም ዘር የሌለበት ነው ማለት ይቻላል። ሲነጠፍ ነፋስ እንዳይወስደው ወዲያው ውሃ ይርጩበት። የሩዝ ጭዱ ለከብት ስለሚፈለግ እሱን ለባለ ከብቱ ይተዉለት። ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራም ይሆናል፤ ከላይ ይነጠፍ እንጂ ከአፈር ጋር አይደባለቅ፤ ከተደባለቀ እስኪበሰብስ የተክሉን ናይትሮጅን ይሻማል። የማንጎው ቅጠል ራሱ፣ ያ ጠጠር ላይ ጠላት የነበረው፣ እዚህ ንብረት ነው። የዘጌን የቡና ጫካ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ በአባቶች ግዝት መሬቱ በበሬ አይታረስም፣ ቡናው የሚኖረው ከላይ በወደቀ ቅጠል ላይ ነው። የጫት ገረባ በከተማችን አይጠፋም፣ ጥሩ ጉዝጓዝም ይሆናል፤ ጫቱ ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ ስለሚረጭበት ግን ጎመን መደብ ላይ አያድርጉት፣ ለጽጌረዳው ያውሉት።

እምቦጭ እንዳያስቡ! ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ከሐይቁ በነጻ የሚገኝ ለምለም ነገር ስለሆነ ያጓጓል። ከቁራጩ ይራባል፣ ዘሩ ደግሞ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከግቢዎ ወደ ጎርፍ መውረጃ፣ ከመውረጃው መልሶ ወደ ሐይቁ፣ ወይም ወደ ዓባይ ይገባል። ውሃ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረትም ስለሚመጥ ከምግብ ተክል ሥር ቦታ የለውም።

ውፍረቱ ስምንት ሳንቲ ሜትር ይሁን። ወደ 40 ካሬ ሜትር ለማልበስ 3.2 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ 100 ሊትር በሚይዝ ከረጢት 32 ነው። ሰርዶ በበዛበትና ሥር በሌለበት ቦታ መጀመሪያ ቀለም ያልበዛበት ተራ ካርቶን፣ ፕላስተሩ ተልጦ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ ይነጠፍና በደንብ ይራስ፤ ጉዝጓዙ ከላዩ ይሄዳል። ካርቶኑ ለአንድ ክረምት ብርሃን ይከለክላል፣ ከዚያ በስብሶ አፈር ይሆናል። ጨርቁ የማያደርገው ይህን ነው። ከቡናና ከማንጎ ሥር ካርቶን አያስፈልግም፣ ጉዝጓዝ ብቻ።

ሁለት ሦስት ጥንቃቄ አለ። ጉዝጓዙ ግንድ አይንካ፤ ከቡናው 15፣ ከማንጎው 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ያለዚያ ልጡ ይበሰብሳል፣ ምስጥም መንገድ ያገኛል። ከቤቱ ግድግዳም፣ በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ፣ ግማሽ ሜትር ይተዉ። ዋልካ አፈር ላይ ሐምሌና ነሐሴ ሲበረታ ጉዝጓዙን ወደ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ያሳሱትና በመስከረም መልሰው ያወፍሩት፤ ጎመኑን ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ይትከሉ። እባብ ይሸሸጋል የሚሉ አሉ። እባብ ይበልጥ የሚሸሸገው በድንጋይ ክምርና ባልታጨደ ሣር ውስጥ ነው።

ሻጩ ቀጥሎ የአረም ማጥፊያ መድኃኒት እንደሚያቀርብልዎት ስለምገምት አስቀድሜ ልንገርዎት። ቱ ፎር ዲ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን እንጂ ሰርዶንም እንግጫንም አይገድልም፤ ብናኙ ግን ቡናውን፣ ጌሾውንና ጽጌረዳውን ይጎዳል። ግላይፎሴት ሰርዶን እስከ ሥሩ ሊደርስበት ይችላል። ነገር ግን ሳይመርጥ የነካውን አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ይጎዳል፣ በተጨናነቀ 60 ካሬ ሜትር ውስጥ ደግሞ ቡናውን ሳይነኩ መርጨት ከባድ ነው፤ ክረምት ላይ የታጠበው ሁሉ የሚወርደውም ወደ ሐይቁ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ አልመክረውም።

ጉዝጓዝም ተአምር አይሠራም። በየዓመቱ ይሟሽሻል፣ ግማሽ ያህሉን መተካት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ሰርዶ እዚህም እዚያም አንገቱን ያወጣል፤ ልዩነቱ ከለስላሳ ገለባ ውስጥ በሁለት ጣት ተስቦ ከነግንዱ መምጣቱ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው አረማ ወደ አንድ ሰዓት ከወረደ የመጀመሪያው ዓመት ተሳክቷል። አጥርዎ በኩል ከጎረቤት የሚገባ ሰርዶ ካለ ደግሞ አጥሩን ተከትለው 25 ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ጠባብ ቦይ ቆፍረው ክፍት ይተዉት፤ የሚሻገረውን እዚያ ላይ ያዩታል፣ ይቆርጡታል።

ስለዚህ ለ60 ካሬ ሜትር የሚሆን ጨርቅ አይግዙ፤ 15 ሜትር ይግዙ፣ እሱም ለመንገዱ። አስቀድመው ከገዙ ሻጩ ይመልስልዎት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልመለሰ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ይፈልጉ፣ ለወለሉ ደስ ብሎት ይገዛዎታል። በተረፈው ገንዘብ ሹካ ይግዙና ወረታ የሚሄድ አይሱዙ ያነጋግሩ፤ ሰኔ ከገባ መንገዱም ገለባውም ይረጥባል።